አራት ገላጭ ተለዋዋጮች፣ አንድ ግራፍ፦ የፔንግዊኖቹ ምስል የሥራ ሂደት ማስታወሻ

የሚፈለገው አንድ ምስል ነው። የፔንግዊን ክብደት ከክንፍ ርዝመት፣ ከዝርያ፣ ከጾታና ከደሴት ጋር ያለውን ግንኙነት ያሳያል፤ 16 በ10 ሴንቲሜትር ሆኖ ይታተማል። ዳታው ክሪስተን ጎርማንና ባልደረቦቿ በአንታርክቲካ በፓልመር ጣቢያ አካባቢ ባሉ ደሴቶች እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2009 የሰበሰቡት ነው። ማንም በነጻ ያገኘዋል። አር በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ቋንቋ ፓልመርፔንግዊንስ በሚባለው ጥቅል ውስጥ አለ፤ ከአር 4.5.0 ጀምሮ ደግሞ ከቋንቋው ጋር አብሮ ይጫናል። የሁለቱ ቅጂዎች የዓምድ ስሞች አንድ አይደሉም፣ በአዲሱ አጥረዋል። ስለዚህ ለአንዱ የተጻፈ ኮድ በሌላው ላይ ዓምዱን አላገኘሁም ብሎ ይቆማል። ስዕሉ የሚሠራው በአር የግራፍ መሣሪያ በጂጂፕሎት2 ነው፤ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር ግን በፓይተንም በሌላም መሣሪያ ያው ነው።

መዝገብ 1፦ ከመሳል በፊት ቆጠራ

ጠቅላላ 344 ረድፍ። በዝርያ፦ አዴሊ 152፣ ጄንቱ 124፣ ቺንስትራፕ 68። በደሴት፦ ቢስኮ 168፣ ድሪም 124፣ ቶርገርሰን 52። ሁለት ፔንግዊኖች ምንም ልኬት የላቸውም። ጾታቸው ያልተመዘገበ ደግሞ 11 ናቸው፣ ሁለቱም እዚያው ውስጥ ናቸው። ሁሉም የተሟላላቸው 333 ናቸው።

ውሳኔ፦ ሞዴል (ክብደትን ከሌሎቹ ተለዋዋጮች የሚተነብይ ቀመር) እና መስመር ያለበት ረቂቅ ሁሉ በእነዚሁ 333 ላይ ይሠራል። ይህ ካልተወሰነ እያንዳንዱ ግራፍ የየራሱን ረድፍ ይጥላል። ክንፍና ክብደት ብቻ ያለበት ግራፍ 342 ፔንግዊን ይይዛል፣ ጾታ የገባበት 333 ይይዛል፤ ከዚያ የሁለቱን መስመሮች ስናወዳድር የተለወጠው ተለዋዋጩ ይሁን ናሙናው አይለይም። መሣሪያው ባዶ ቦታን የሚያስተናግድበት መንገድም አንድ ወጥ አይደለም። በጂጂፕሎት2 ጾታ ለቀለም ከተሰጠ ያልታወቁት ግራጫ ሦስተኛ ምድብ ሆነው ይወጣሉ። ለነጥብ ቅርጽ ከተሰጠ ግን ማስጠንቀቂያ ብቻ ተጽፎ ነጥቦቹ ከግራፉ ይጠፋሉ። ማስጠንቀቂያውን ያላነበበ ሰው ዘጠኝ ፔንግዊን መጉደሉን በዓይኑ አያየውም።

ቀጥሎ ዝርያን ከደሴት ጋር ያጣመረ ሰንጠረዥ። አዴሊ በሦስቱም ደሴቶች አለ (ቢስኮ 44፣ ድሪም 56፣ ቶርገርሰን 52)። ቺንስትራፕ 68ቱም ድሪም ላይ ናቸው። ጄንቱ 124ቱም ቢስኮ ላይ ናቸው። ከዘጠኙ ሕዋሶች አራቱ ባዶ ናቸው ማለት ነው። ይህች ትንሽ ሰንጠረዥ ከማንኛውም ስዕል በፊት መሠራት አለባት፤ የትኛው ጥያቄ በዚህ ዳታ መልስ እንዳለውና የትኛው እንደሌለው የምትናገረው እሷ ናት። ጄንቱ ድሪም ላይ ቢኖር ኖሮ ስንት ይመዝን ነበር የሚለውን ምንም ዓይነት ግራፍ አይመልሰውም።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ልኬቱ። የክንፍ ርዝመት በሙሉ ሚሊሜትር፣ ክብደት በ25 ግራም እርከን ነው የተጻፈው። ስለዚህ ብዙ ነጥቦች በትክክል አንዱ በሌላው ላይ ይወድቃሉ።

መዝገብ 2፦ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር

ብዙ ተለዋዋጭ ያለበት ግራፍ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። “ሁሉንም አሳይ” የሚል ትእዛዝ ለግራፍ አይበቃም። ምን ሳይለወጥ ምን ከምን ጋር እንደሚወዳደር አስቀድሞ መጻፍ አለበት። ለዚህ ምስል የተጻፈው፦ ዝርያና ጾታ ሳይለወጡ፣ ክንፍ በ1 ሚሊሜትር ሲረዝም ክብደት በስንት ግራም ይለወጣል? ደሴትስ ከዚህ በላይ የሚጨምረው ነገር አለ?

ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ድርሻው በራሱ ይወጣል። ክብደት ቋሚ ዘንግ ላይ፣ ክንፍ አግዳሚ ዘንግ ላይ ይሆናሉ። ዝርያና ጾታ ንጽጽሩ በውስጣቸው የሚካሄድባቸው ምድቦች ናቸው። ደሴት ለብቻው ይታያል።

ለየትኛው ተለዋዋጭ የትኛው መንገድ ይሰጠው ለሚለው ክሊቭላንድና ማክጊል እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተሙት ጥናት አሁንም ያገለግላል። ሰው መጠንን በትክክል የሚያነበው በጋራ መለኪያ ላይ ካለ ቦታ ነው፤ ከዚያ ርዝመት ይመጣል፤ ስፋትና የቀለም ድምቀት ወደ ኋላ ይቀራሉ። በቁጥር መነበብ ያለበት ሁሉ ቦታ ይሰጠው። ቀለምና ቅርጽ “የትኛው ምድብ ነው” ለሚለው ብቻ ይዋሉ።

በዚሁ ምክንያት ሁለት ሐሳቦች ሳይሳሉ ወደቁ። አንደኛው ሦስተኛውን ቁጥር በነጥብ መጠን ማሳየት ነው። የሁለት ክቦችን ስፋት በዓይን አነጻጽሮ “ይህኛው አንድ ተኩል እጥፍ ነው” ማለት የሚችል ሰው ጥቂት ነው፣ ነጥቦቹ ሲደራረቡ ደግሞ ጭራሽ አይቻልም። ሁለተኛው ባለ ሦስት ዘንግ ግራፍ ነው። በወረቀት ላይ ሲቀመጥ የአንድ ነጥብ ጥልቀት ከሁለቱ ዘንጎች ጋር ተቀላቅሎ ስለሚታይ የትኛውም መጠን አይነበብም።

መዝገብ 3፦ ረቂቅ አንድ፣ ያለ ምድብ

ክንፍ በአግዳሚ፣ ክብደት በቋሚ፣ አንድ ቀጥተኛ መስመር። የመስመሩ ስሎፕ፣ ማለትም ዘንበሉ፣ በ333ቱ ላይ በ1 ሚሊሜትር 50 ግራም ነው (በ342ቱ 49.7)፤ አር ስኩዌር (መስመሩ የሚያብራራው የክብደት ልዩነት ድርሻ) 0.76። ግራፉ ንጹሕ ይመስላል፣ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። መስመሩ ከግራ በታች ያለውን ደመና ከቀኝ በላይ ካለው ደመና ጋር ያገናኛል። የቀኝ ላዩ በአብዛኛው ጄንቱ ነው፦ አማካይ ክንፉ 217 ሚሊሜትር፣ አማካይ ክብደቱ 5076 ግራም። አዴሊ 190 ሚሊሜትርና 3701 ግራም፣ ቺንስትራፕ 196 ሚሊሜትርና 3733 ግራም። ከ50 ግራሙ ውስጥ ስንቱ የክንፍ፣ ስንቱ የዝርያ ልዩነት እንደሆነ ይህ ረቂቅ መለየት አይችልም።

ማሳሰቢያ፦ የማለስለሻ መስመር ሲጨመር ዘዴው በግልጽ ይጻፍ። በጂጂፕሎት2 ዘዴ ካልተመረጠ ከ1000 በታች ለሆነ ዳታ የሚሳለው ሎኤስ የሚባለው ጠማማ መስመር ነው። ለመጀመሪያ ፍተሻ ጥሩ ነው፣ ቅርጹ ቀጥ ያለ መሆን አለመሆኑን ያሳያል። ጽሑፉ ስለ ቀጥተኛ ሪግሬሽን እያወራ ምስሉ ሎኤስ ከሆነ ግን አንባቢው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እያየ ነው።

መዝገብ 4፦ ረቂቅ ሁለት፣ ዝርያ በቀለም

ዝርያ በቀለም ሲለይ ሦስቱ ደመናዎች ወዲያው ይለያያሉ። ሦስቱ መስመሮች ትይዩ እንዲሆኑ ከተደረገ የጋራ ስሎፑ ወደ 41 ግራም ይወርዳል። እያንዳንዱ ዝርያ የራሱ ስሎፕ ከተሰጠው አዴሊ 33፣ ቺንስትራፕ 35፣ ጄንቱ 54 ገደማ ይሆናሉ።

እዚህ ላይ ብዙ የታተሙ ምስሎችን የሚያበላሽ ነገር አለ። ቀለሙ ለመላው ግራፍ ከተሰጠ መሣሪያው ለእያንዳንዱ ዝርያ ለብቻው መስመር ይገጥማል። ለነጥቦቹ ንብርብር ብቻ ከተሰጠ ለሁሉም አንድ መስመር ይገጥማል። በኮዱ ውስጥ የአንዲት ቅንፍ ቦታ ነው የሚለየው፣ ስታቲስቲክሱ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ክንፍና ዝርያ መስተጋብር አላቸው፣ ማለትም የክንፍ ስሎፕ በየዝርያው ይለያያል የሚለው ሞዴል ነው፤ ሁለተኛው ዝርያ ምንም አያደርግም የሚለው ነው። መሃል ያለው፣ ትይዩ መስመሮች ያሉት ሞዴል፣ ከሁለቱ በአንዱም አይወጣም። ስለዚህ ሞዴሉ አስቀድሞ በእጅ ይገጠምና መስመሩ ከሞዴሉ ትንበያ ይሳል። ይህ ልማድ ከቀሪው ምክር ሁሉ ይበልጣል፦ በምስሉ ላይ ያለው መስመር በሰንጠረዡ ላይ ያለው ሞዴል ይሁን።

የዝርያ መግባት ስሎፕን ከመቀነስ አልፎ ምልክቱን ሊገለብጥም ይችላል። በዚሁ ዳታ የምንቃር ርዝመትና የምንቃር ጥልቀት ያለ ምድብ ሲታዩ ኮሪሌሽናቸው (ከ−1 እስከ 1 የሚለካው የአብሮነታቸው ጥንካሬ) −0.24 ነው፤ ረጅም ምንቃር ቀጭን ይመስላል። በየዝርያው ሲታይ አዴሊ 0.39፣ ቺንስትራፕ 0.65፣ ጄንቱ 0.64፣ ሦስቱም አዎንታዊ። ሲምፕሰን ፓራዶክስ የሚባለው ይህ ነው። ለምስላችን አያስፈልግም፣ ግን ምድብ ሳይገባ የተሳለ መስመር ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ለመፈተሽ ከዚህ የተሻለ ልምምድ የለም።

መዝገብ 5፦ ጾታ ሲገባ

የሥራው ልብ ይህ ነው። ጾታ በሞዴሉ ውስጥ ሲገባ የክንፍ ስሎፕ ከ41 ወደ 20 ግራም ይወርዳል። በግማሽ ማለት ነው። ሞዴሉ ራሱ፦ መነሻ (ለሴት አዴሊ ክንፍ ዜሮ ቢሆን ቀመሩ የሚሰጠው ቁጥር) −365.8፤ ክንፍ 20.0 በሚሊሜትር፤ ወንድ 530.4 ጭማሪ፤ ከአዴሊ አንጻር ቺንስትራፕ −87.6፣ ጄንቱ 836.3። አር ስኩዌሩ 0.87።

ምክንያቱ በነጥቦቹ ላይ ይታያል። በየዝርያው ወንዶቹ ክንፋቸውም ይረዝማል ክብደታቸውም ይበልጣል። የአዴሊ ሴቶች አማካይ 3369 ግራም፣ ወንዶች 4043። ቺንስትራፕ 3527 እና 3939። ጄንቱ 4680 እና 5485። በየዝርያው ውስጥ ሁለት ደመናዎች አሉ፣ አንደኛው ከሌላው ወደ ቀኝና ወደ ላይ ይላል፤ ረቂቅ ሁለት ላይ የነበረው መስመር የሁለቱን ደመናዎች መሃል ለመሃል እያገናኘ ነበር። በአንዱ ደመና ውስጥ ብቻ ሲታይ መስመሩ ይበልጥ የተኛ ነው። ምስሉ ማሳየት ያለበት ይህንን ነው። ካላሳየ፣ አንባቢው ቁጥሩ ከ41 ወደ 20 የወረደው በምን እንደሆነ የሚያውቀው በእምነት ብቻ ይሆናል።

ሦስት አማራጮች ተሳሉ።

ሀ. ሁሉም በአንድ ፓነል (በአንድ ንዑስ ግራፍ)፣ ዝርያ በቀለም፣ ጾታ በቅርጽ (ክብና ሦስት ማዕዘን)። ስድስት ጥምረት ይወጣል። ዓይን ቀለሙን ሳይፈልግ ያገኘዋል፣ ቅርጹን ግን ነጥብ በነጥብ መፈለግ አለበት። ዋናው ንጽጽር በጾታ መካከል ስለሆነ ደካማው ምልክት ለዋናው ጥያቄ ተሰጠ ማለት ነው። ተጥሏል። የቅርጽ ነገር ከተነሳ፣ ጂጂፕሎት2 በራሱ የሚሰጠው እስከ ስድስት ቅርጽ ብቻ ነው፤ ሰባተኛው ምድብ ሲመጣ ማስጠንቀቂያ ይጽፍና ትርፎቹን አይስላቸውም።

ለ. ያው፣ ግን ሴት ባዶ ክብ፣ ወንድ ሙሉ ክብ። ከ“ሀ” በጣም ይሻላል፤ ሙሉና ባዶ ከክብና ከሦስት ማዕዘን ቶሎ ይለያል። ችግሩ በ190 እና በ205 ሚሊሜትር መካከል ነው፣ አዴሊና ቺንስትራፕ እዚያ ተደበላልቀው ስድስቱ መስመሮች ይጠላለፋሉ።

ሐ. ፓነል በዝርያ፣ ቀለም በጾታ። በየፓነሉ ሁለት ቀለም፣ ሁለት መስመር። ተመርጧል። ጠንካራው ንጽጽር አሁን ሁለት ደመናዎች ጎን ለጎን ባሉበት አንድ ፓነል ውስጥ ነው፤ ደካማው፣ የዝርያ ከዝርያ፣ ከፓነል ወደ ፓነል ነው።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ፦ ሊወዳደር የሚገባው በአንድ ፓነል ውስጥ ይግባ፣ ሳይለወጥ የሚያዘው በፓነል ይከፈል። ጥያቄው ተገልብጦ ዝርያን ከዝርያ ለማወዳደር ቢሆን ኖሮ ፓነሉ በጾታ ይሆን ነበር። ሁለቱም ግራፎች አንድ ዓይነት 333 ነጥብ ይዘው የተለያየ ነገር ይናገራሉ።

መዝገብ 6፦ ፓነሎቹን ማስተካከል

የጋራ መለኪያ። ሦስቱም ፓነሎች አንድ ዓይነት ዘንግ ይኑራቸው፤ ይህ ካልተነካ በራሱ የሚመጣ ነው። መለኪያው ነጻ ሲደረግ እያንዳንዱ ፓነል በራሱ ዳታ ይሞላና ግራፉ ያምራል፣ ነገር ግን የጄንቱ ደመና ከአዴሊ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ይቀመጣል፣ የስሎፖቹ ዘንበል መባልም ትርጉም ያጣል። 20 ግራም በሚሊሜትር በአንዱ ፓነል ቁልቁለት፣ በሌላው ሜዳ ይመስላል።

አደራደር። ፓነሎቹ በአንድ ረድፍ ጎን ለጎን ይሁኑ። ክብደት የሚነበበው በቋሚ ዘንግ ስለሆነ ዓይን ከፓነል ወደ ፓነል በአግድም ሲሄድ ቁመቱን ያወዳድራል። ዋናው ንጽጽር በክንፍ ርዝመት ቢሆን ኖሮ ከላይ ወደ ታች መደርደር ነበረባቸው። ቅደም ተከተሉ በአማካይ ክብደት ነው፦ አዴሊ፣ ቺንስትራፕ፣ ጄንቱ። በዚህ ዳታ የፊደል ቅደም ተከተሉም ያው ሆኖ ተገጣጠመ፤ በሌላ ዳታ ይህ አይሆንም፣ ምድቡ በእጅ መደርደር አለበት።

ግራጫ ጀርባ። ፓነል ሲከፈል የሚጠፋው አንድ ነገር አለ፦ ይህ ዝርያ ከሌሎቹ አንጻር የት እንዳለ። መፍትሔው ቀላል ነው። የዳታው ቅጂ ይወሰድ፣ የዝርያ ዓምዱ ይውጣለት፣ ያ ቅጂ በቀላል ግራጫ የመጀመሪያ ንብርብር ሆኖ ይሳል። ዓምዱ ስለሌለ መሣሪያው ነጥቦቹን በየፓነሉ ይደግማቸዋል። ግራጫው 85 በመቶ ብሩህ፣ ነጥቡ ከዋናው በጥቂቱ ያነሰ ይሁን። ንብርብሩ ከዋናዎቹ ነጥቦች በኋላ ከተጻፈ ይሸፍናቸዋል፣ ቅደም ተከተሉ ይታይ።

መደራረብ። በ25 ግራም እርከን ምክንያት የተደራረቡት ነጥቦች በትንሹ ይበተኑ፦ በአግድም 0.3 ሚሊሜትር፣ በቋሚ 8 ግራም። ከእርከኑ ግማሽ ስለሚያንስ ማንም ነጥብ ወደ ጎረቤቱ ዋጋ አይሻገርም። ግልጽነት 0.6። የዘፈቀደ ቁጥሩ ዘር (መነሻ ቁጥሩ) ይቆለፍ፣ አለዚያ ምስሉ በተሠራ ቁጥር ነጥቦቹ ቦታ ይለውጣሉ። ሞዴሉ የሚገጠመው ሁልጊዜ ባልተበተነው ዳታ ነው።

መዝገብ 7፦ ደሴት ይግባ ወይስ ይውጣ?

ክብደትን በደሴት ብቻ የሚያሳይ ሳጥን ግራፍ ብዙ ይናገራል፣ የሚናገረው ግን ስለ ደሴት አይደለም። አማካዮቹ ቢስኮ 4716፣ ድሪም 3713፣ ቶርገርሰን 3706 ግራም ናቸው። ቢስኮ በ1000 ግራም ይበልጣል። አዴሊን ብቻ ስንወስድ ቢስኮ 3710፣ ድሪም 3688፣ ቶርገርሰን 3706። ልዩነቱ 22 ግራም፣ ከሚዛኑ አንድ እርከን ያነሰ። የቢስኮ ክብደት በሙሉ የመጣው ጄንቱ እዚያ ብቻ ስላለ ነው።

ዝርያ በረድፍ፣ ደሴት በዓምድ የሆነ የሦስት በሦስት ፍርግርግ ተሞከረ። አራቱ ፓነሎች ባዶ ናቸው፣ የተቀሩት ጠበው ነጥቦቹ ተጨናነቁ። ባዶዎቹን መሰረዝ መጥፎ ይሆናል፤ ባዶነታቸው ራሱ መረጃ ነው። ግን መረጃው የሰንጠረዥ እንጂ የገጽ ግማሽ የሚያህል ነጭ ቦታ አይደለም። ውሳኔ፦ ደሴት ከዋናው ምስል ይወጣል። ከስሩ አዴሊን ብቻ የያዘች ትንሽ ረዳት ምስል ትቀመጣለች፣ ሦስት ደሴት በአግዳሚ፣ ጾታ በቀለም፣ ነጥቦቹ በሙሉ ይታያሉ፣ አማካዩ በአጭር መስመር። አራተኛውን ተለዋዋጭ በትክክል ማሳየት አንዳንድ ጊዜ በራሱ ምስል ማሳየት ነው።

የተለካበት ዓመትም በዳታው ውስጥ አለ። በቀለም ተሞከረ፣ ነጥቦቹ ተደባልቀው ይቀመጣሉ። በምስሉ ላይ አይገባም።

መዝገብ 8፦ ምድብ ያልሆነ ሁለተኛ ገላጭ

ከጾታ ይልቅ የምንቃር ጥልቀት ይግባ የሚል ጥያቄ ስለሚነሳ ተሞከረ። ተከታታይ ቁጥርን ለማሳየት ሁለት መንገድ አለ፦ በቀለም ድምቀት ወይም ቆርጦ በፓነል።

በቀለም ድምቀት ከሆነ ቪሪዲስን የመሰለ፣ ከጨለማ ወደ ብሩህ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ መደብ ይመረጥ። የቀስተ ደመና ቀለም አይሁን፤ ቢጫው መሃል ላይ ስለሚያበራ በዳታው ውስጥ የሌለ ጠርዝ ይፈጥራል።

ቆርጦ በፓነል ከሆነ ጥያቄው የት ይቆረጥ የሚለው ነው። ከ13.1 እስከ 21.5 ሚሊሜትር ያለውን ለሦስት እኩል ስፋት መክፈል ለክፍሎቹ እኩል ያልሆነ የነጥብ ብዛት ይሰጣል። እኩል ብዛት ባላቸው ሦስት ክፍሎች መቁረጥ ይሻላል። ነገር ግን እዚህ ዳታ ላይ እሱም ወጥመድ አለበት። የጄንቱ ምንቃር ጥልቀት በአማካይ 15.0፣ የአዴሊ 18.3፣ የቺንስትራፕ 18.4 ሚሊሜትር ስለሆነ ዝቅተኛው ሦስተኛ በሞላ ጎደል ጄንቱ ብቻ ይሆናል። ፓነሉ “ዝቅተኛ ጥልቀት” ተብሎ ይሰየማል፣ የሚያሳየው ግን ዝርያን ነው። መቆረጥ ያለበት በየዝርያው ውስጥ ነው፣ የፓነሉም ስም “ከዝርያው አማካይ በታች” ይሁን።

በአር ውስጥ ኮፕሎት የሚባለው ግራፍ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ነው። ካልተነካ ስድስት ክፍል ይሠራል፣ ጎረቤት ክፍሎች ግማሽ በግማሽ ይደራረባሉ። መደራረቡ የታሰበበት ነው፣ በፓነሎች መካከል ለውጡ ቀስ ብሎ እንዲታይ። አንባቢው ግን አንድ ፔንግዊን በሁለት ፓነል ውስጥ እንዳለ ይነገረው፣ አለዚያ ነጥቦቹን ደምሮ ከ333 በላይ ያገኛል።

በሞዴል መስመር ለማሳየት ሲፈለግ ሌላው ልማድ በአማካይ፣ ከአማካይ አንድ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የመበታተን መለኪያ) በላይና በታች ሦስት መስመር መሳል ነው። መጀመሪያ እነዚያ ዋጋዎች ላይ በእርግጥ ዳታ መኖሩ ይረጋገጥ። 15 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው የአዴሊ መስመር መሳል ማለት ያልታየ ወፍ መሳል ነው።

ለዋናው ምስል ጾታ ይቆያል።

መዝገብ 9፦ መስመሮቹ ከሞዴሉ

ለእያንዳንዱ ዝርያና ጾታ ጥምረት የክንፍ ርዝመቱ ትንሹና ትልቁ ዋጋ ይወሰድ፣ በመካከላቸው 50 ነጥብ ይሠራ፣ ሞዴሉ በእነሱ ላይ ይተንብይ። ለቀጥተኛ መስመር ብቻ ሁለት ነጥብ ይበቃል፤ 50ው ለመተማመኛ ባንዱ (የመስመሩን እርግጠኛ አለመሆን ለሚያሳየው ቀበቶ) ነው፣ ባንዱ መሃሉ ጠቦ ጫፎቹ ይሰፋሉና። መስመሩ ዳታው ባለበት ይቁም። እስከ ፓነሉ ጠርዝ ከተዘረጋ 230 ሚሊሜትር ክንፍ ያላት ሴት አዴሊ እንዳለች ያስመስላል።

አንድ የሚደጋገም ስህተት፦ ትንበያው ሲጠየቅ ጾታ ካልተሰጠ አንዳንድ መሣሪያዎች መነሻውን ምድብ ያስቀምጣሉ። በእንግሊዝኛ ፊደል ቅደም ተከተል መነሻዎቹ አዴሊና ሴት ስለሆኑ “የክንፍ ውጤት” የሚል ርዕስ ያለው መስመር በእርግጥ የሴት አዴሊ መስመር ብቻ ይሆናል። ስሎፑ ልክ ነው፣ ከፍታው ግን ከደመናው በታች ይወድቃል። መስመሩ ከነጥቦቹ መሃል ወጥቶ ሲታይ መጀመሪያ የሚፈተሸው ይህ ነው።

ስድስቱ መስመሮች ትይዩ ናቸው፣ ሁሉም 20 ግራም በሚሊሜትር። በየፓነሉ በሁለቱ መካከል ያለው ቁመት 530 ግራም ነው። ነጥቦቹ ከመስመሮቹ ጋር ይስማማሉ ወይ? በቺንስትራፕ ፓነል ውስጥ የሁለቱ ጾታ የአማካይ ልዩነት 412 ግራም ብቻ ስለሆነ፣ 530ው እዚያ ከልክ በላይ ተዘርግቶ ይታያል። ነጥቦቹ በምስሉ ላይ ባይኖሩ ይህ አይታይም ነበር። የሞዴል መስመር ያለ ጥሬ ነጥብ አይታተም።

የ20 ግራሙን ምንጭ ራቁቱን ለማሳየት አንድ ተጨማሪ ግራፍ ተሠራ። ክብደት በዝርያና በጾታ ይገጠማል፣ ቅሪቱ (በእውነተኛውና በተተነበየው መካከል ያለው ልዩነት) ይወሰዳል። ክንፍም በዝርያና በጾታ ይገጠማል፣ ቅሪቱ ይወሰዳል። ሁለቱ ቅሪቶች እርስ በርስ ይሳላሉ። በዚያ ደመና ውስጥ ያለፈው ቀላል መስመር ስሎፑ ልክ 20.0 ነው። ይህ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም፣ ፍሪሽና ዎው እ.ኤ.አ. በ1933፣ ላቭል በ1963 ያረጋገጡት ነው። ሁለቱ ገጠማዎች በአንድ ዓይነት 333 ረድፍ ካልተሠሩ ግን ቁጥሩ አይገጥምም፣ ስለዚህ ግራፉ የረድፍ ስህተትን ለመያዝም ይጠቅማል። ጉዳቱ ዘንጎቹ ናቸው፦ “ከሚጠበቀው በላይ ሚሊሜትር” እና “ከሚጠበቀው በላይ ግራም”። ስታቲስቲክስ ለሚያውቅ አንባቢ ግልጽ ነው፣ ለሌላው ከባድ። ወደ አባሪው ሄዷል።

መዝገብ 10፦ ቀለም፣ ጽሑፍ፣ ፋይል

ቀለማቱ ለቀለም ዕውራን ተስማሚ ከሆነው ከኦካቤና ኢቶ መደብ ተመረጡ። መጀመሪያ የታሰቡት ቀይ ብርቱካናማ (213፣ 94፣ 0) እና ሰማያዊ (0፣ 114፣ 178) በማያ ገጽ ላይ ጥሩ ይለያያሉ። በጥቁርና ነጭ ሲታተሙ ግን ግራጫቸው ይቀራረባል። ቀዩ በብርቱካናማ (230፣ 159፣ 0) ተተካ፤ ይህ ከሰማያዊው በግልጽ ብሩህ ነው። በተጨማሪ ሴት ባዶ ክብ፣ ወንድ ሙሉ ክብ፤ አንድ ተለዋዋጭ በሁለት ምልክት ሲነገር አንዱ በኅትመት ቢጠፋ ሌላው ይቀራል። ሁለቱም ምልክቶች በአንድ መፍቻ (የምልክቶች ማብራሪያ ሳጥን) እንዲጠቃለሉ የቀለሙና የቅርጹ መፍቻ ርዕስና የምድብ ስም አንድ ዓይነት ይሁን፤ አንዲት ፊደል ከተለየች ሁለት መፍቻ ይወጣል።

መፍቻው ራሱ ግን በመጨረሻ ወጣ። “ሴት” እና “ወንድ” የሚሉት ቃላት በመጀመሪያው ፓነል ውስጥ ከመስመሮቻቸው ጫፍ አጠገብ በየራሳቸው ቀለም ተጻፉ። በሌሎቹ ፓነሎች መድገም አያስፈልግም። የብርቱካናማው ጽሑፍ በነጭ ላይ ስለሚደክም ደምቆና ጠቆር ብሎ ይጻፍ።

መጠን፦ 16 በ10 ሴንቲሜትር በ300 ነጥብ በኢንች፣ 1890 በ1181 ፒክስል። ትንሹ ጽሑፍ 8 ፖይንት። መጠኑ በፋይል ማስቀመጫው ትእዛዝ ውስጥ ይጻፍ፤ ከማያ ገጽ ላይ ገልብጦ በኋላ ማሳነስ ጽሑፉንም አብሮ ያሳንሳል። የግእዝ ፊደል በዘንግ ስም ላይ ካለ፣ ፊደሉ ያለበት ፎንት በስሙ ይጠራ። አለዚያ በፒዲኤፍ ውስጥ በፊደሎቹ ምትክ ነጥቦች ወይም ባዶ አራት ማዕዘኖች ይወጣሉ።

የምስሉ መግለጫ እንዲህ ተጽፏል፦ “የክብደትና የክንፍ ርዝመት ግንኙነት በዝርያና በጾታ። እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ፔንግዊን ነው (333፤ ልኬት ወይም ጾታ የጎደላቸው 11 አልተካተቱም)። ግራጫ ነጥቦች ሁሉንም ዝርያዎች ያሳያሉ። መስመሮቹ ክንፍ፣ ዝርያና ጾታ ካሉበት ያለ መስተጋብር ከተገጠመ አንድ ሞዴል የተገኙ ናቸው፣ ባንዱ የ95 በመቶ መተማመኛ ነው። ነጥቦቹ ለዕይታ በትንሹ ተበትነዋል።”

የቀረው፦ መስተጋብር ያለበትን ሞዴል ከዚህኛው ጋር ማወዳደር። የቺንስትራፕ ፓነል የጾታ ልዩነቱ ከሌሎቹ እንደሚያንስ እየጠቆመ ነው፤ ጾታና ዝርያ መስተጋብር ከተሰጣቸው በየፓነሉ ያለው የመስመሮች ርቀት ይለያያል። የትንበያው ኮድ ሳይነካ ሞዴሉ ብቻ ይቀየርና ምስሉ እንደገና ይሠራ፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ይቀመጡ።